ጉልበቱ ያልፈረመበት ዝናብ

እና ዛሬም ዘጋኝ እላችኋለሁ! ያ ልብስ ሰፊው፣ ሰፈሩ "ጋሽ ጉልበት" የሚለው። መቼም ሰማዩን ሰፍቶ የሰቀለው እሱ የሚመስለው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የኛው ደግሞ በግራ ጉልበቱ ነው የሚተነብየው። ሬዲዮው "በዚህ በልግ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ሲል፣ እሱ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ "ሬዲዮው ብሏል፤ ጉልበቴ ግን አልፈረመም" ይላል። እኛም ጃንጥላችንን ትተን እንወጣለን።

አንዴ ፀሐይ አናት እየበሳች "ካፖርት ልበሱ" አለን። ስቀን ሳንጨርስ በረዶ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ጉልበቱን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞር ጀመር። "ክቡርነታቸውን ብርድ እንዳይመታቸው ነው?" ስለው፣ "ሳቂ እማማ፣ ሳቂ" ይለኛል።

ያን ቀን ግን እኔው ነኝ የጠየቅኩት።

"ፍራሾቼን ላስጣ ወይስ ሬዲዮውን ልመን?"

"አስጪ እማማ! ጠብ አትልም፤ በኔ ይሁንብሽ።"

አራት ፍራሽ አሰጣሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ፍራሾቹ ውሃ ጠጥተው እንደ እርጉዝ ላም ተጋደሙ። በሩጫ መጥቶ አብሮኝ ጎተተ፣ ደግነቱስ አይካድም። እኔ ግን ደንበኞቹ በረንዳው ላይ ተጠልለው እየሰሙ፣ "አንተ ቀጣፊ! ያ ጉልበትህ የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ አድማጭ አይደለም!" አልኩት። የያዘውን የፍራሽ ጫፍ አስቀምጦ ሄደ።

ይኸው መተንበይ ከተወ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጠዋት ያልባል፣ ቀትር ላይ ያንዘፈዝፋል፣ ማታ ሰማዩ ያጓራል፤ ሰፈሩ ምን እንደሚለብስ ግራ ገብቶታል። ዛሬ ቀሚስ ላሳጥር ብዬ ሄድኩ፤ ቀሚሱ እንኳ ድሮም አጭር ነው።

"ዛሬስ ይዘንባል፣ የኔ ልጅ?"

"ሬዲዮ አለልሽ እማማ" አለና ለካኝ።

ፍራሹስ በሁለት ቀን ደረቀ። የሰው ፊት አንዴ ከጠቆረ ግን ፀሐይ አይመልሰውም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከስድቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ይቅርታ ልለው ቤቱ ሄጄ ነበር። በመስኮት ሳይ ለካ እሱም ጉልበቱን አምኖ ያለ የሌለ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ኖሯል። የለበሰውም ከኔ ፍራሽ ጋር በስብሷል። የደንበኛ ቀሚስ አጥልቆ፣ ያውም አበባ አበባ ያለበት፣ ሱሪውን በካውያ ያደርቃል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ሳቄ ቀደመኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ቀሚሱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገና፣ መጋረጃውን ዘጋው።