የጉናው የቦርጭ ቅነሳ ዘመቻ

የደም ግፊትን ከምንጩ ለማድረቅ፣ ምንጩም ቦርጭ መሆኑ በስብሰባ ስለተወሰነ፣ ታላቁ የወገብ ልኬት ዘመቻ በአንዲት የጉና ቀበሌ በድምቀት ተከፈተ። አስተባባሪው አቶ ይሻው ከደብረ ታቦር ግማሹን መንገድ በመኪና፣ ግማሹን በበቅሎ ተጉዘው ሲደርሱ አንድ አሳሳቢ ጉድለት ገጠማቸው፤ ቦርጭ የለም። ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ገበሬ ሁሉ፣ ዕቅዱን ለማክሸፍ የተማማለ ይመስል፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

ወይዘሮ አዛለች የመጡት ጭንቀት ይዘው ነው። ራሳቸውን መፍለጥ ከጀመራቸው ሰነባብቷል፤ ድንች ሲቆፍሩ ዓይናቸው ይጨልማል። እናታቸውም ራሴን ራሴን እንዳሉ ነበር በድንገት የወደቁት።

«የኔ ጌታ፣ ያንን ክንድ ላይ የሚታሰረውን ለኔም ያድርጉልኝ» አሉ።

አቶ ይሻው ወገባቸውን በሜትር ለኩና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግፊት የሚለካው የወገብ መስፈርቱን ላሟላ ብቻ ነው። እርስዎ ቀጭን ነዎት፤ ሊታመሙ አይችሉም።»

«ካመመኝስ?»

«እንግዲያው የታመሙት ከመመሪያ ውጭ ነው።»

አዛለች መመሪያ አክባሪ ናቸው። ቤታቸው ደርሰው የባላቸውን ጋቢ ከቀሚሳቸው ሥር ጠምጥመው ተመለሱ። አቶ ይሻው ከወገብ በላይ አይተዋቸው ስለማያውቁ አልለዩአቸውም። ሜትሩ ዞሮ መግጠም ሲያቅተው በደስታ እንባ አቀረሩ።

ከአቶ ይሻው ጋር የመጣችው ነርስ ሰብለወንጌል ግን ግፊታቸውን ለክታ ደነገጠች። «እሜቴ፣ በጣም ከፍ ብሏል! ነገውኑ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ።»

«መጀመሪያ ቦርጩ ይቀነስ!» አሉ አቶ ይሻው።

«እሱስ ቀላል ነው» ብለው አዛለች ጋቢውን ከሥር መዥርጠው አወጡት።

አቶ ይሻው ሜትሩን ደግመው ዘረጉ። ከዚያም ለአለቃቸው ደወሉ፤ «ጌታዬ፣ ቅነሳው ተሳክቷል!»

አዛለች ከሰብለወንጌል ጋር ደብረ ታቦር ወርደው መድኃኒት ጀመሩ፤ ራሳቸውም ተሻላቸው። ወር ሳይሞላ በመዝጊያው ስብሰባ ላይ በሞዴልነት ተጠሩ።

«ቦርጭዎን እንዴት እንዳጠፉ ልምድዎን ያካፍሉን» አሉ አቶ ይሻው።

«ጋቢውን አወለቅሁ» አሉ አዛለች፤ የሚስቅ ሰው ፍለጋ ዓይናቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉ።

የሳቀ የለም። ልምዱ እንዲሰፋ በጭብጨባ ጸደቀ።

እነሆ፣ ያች ቀበሌ ከጋቢ የጸዳች ተብላ ተሸልማለች። የጉና ውርጭ ሲወርድ ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ቄሱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣሉ። አቶ ይሻውም በካፖርታቸው ተጀቡነው ለጉብኝት ሲመጡ፣ ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት የአካል እንቅስቃሴ በመጀመሩ ከልብ አመስግነዋል።