ላለመመረጥ የተደረገ የምርጫ ዘመቻ

ምርጫ እንዴት እንደሚያሸንፉ የማይጽፍ የለም። እንዴት እንደማይመረጡ ግን ማን ጻፈ? እኔ እንጀራዬ ምርጫ ማጥናት ነው፤ መራጭ እገሌን ትቶ እገሌን ለምን እንደሚመርጥ ስመረምር እውላለሁ። እና የካ አባዶ ያለው የኮንዶሚኒየም ብሎካችን አዲስ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሊመርጥ ነው ሲባል፣ እውቀቴን ለራሴ የማውልበት ቀን ደረሰ አልኩ።

ሰብሳቢ ልሁን የሚል ጠፍቶ ነበር። ለምን አይጠፋ? ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ መውጣት ከተወ ቆይቷል፤ የተመረጠ ሰው ፓምፕ ጠጋኝ ሲያሳድድ ቅዳሜውን መሰናበቱ ነው። እኔ ደግሞ ጥናቴን የማስረክብበት ጊዜ ደርሶብኛል። «የቤተሰብ ተጽዕኖ» የሚለውን ምዕራፍ ፋይዳው ኢምንት ነው ብዬ ካወጣሁት በኋላ እንኳ አላልቅ ብሎኛል።

በዋዜማው ስልቴን ለባለቤቴ ለሌሊሴ አስረዳኋት። ስብሰባ ላይ የሚመረጠው ወይ የቀረ ሰው ነው፣ እምቢ የሚልለት የለምና፤ ወይ የተናገረ ሰው ነው፣ ይህን ካወቀ ራሱ ይሥራው ይባላልና። ስለዚህ እገኛለሁ፣ ትንፍሽ ግን አልልም። ሌሊሴ አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከመችውን ጄሪካን አስቀምጣ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ጥሩ አስበሃል አለችኝ። በጥናቴ ስትስማማ የመጀመሪያዋ ስለነበር ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ ከኋላ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ተሸሸግኩ። ከእንጦጦ በኩል ደመናው መውረድ ጀምሯል። ተሰናባቹ ሰብሳቢ ጋሽ ቶሎሳ ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርስ፣ ጠቁሙ አሉ። ሁሉም ጫማውን ማየት ያዘ። እኔም የራሴን።

ያኔ ሌሊሴ ተነሣች። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን ምርጫ ሲያጠና ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይመረጥ ቢቀር ያሳዝናል፣ ደግሞ እንደምታዩት ዝምተኛ ነው፣ ከማንም አይጣላም አለች። ንግግሯን ሳትጨርስ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ብርቄ ደግፌያለሁ አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ የተገረመ ሰው አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። እኔም ዝምታዬን ትቼ፣ ለምን እንደማልሆን ነጥብ በነጥብ አስረዳሁ። ጋሽ ቶሎሳ በአድናቆት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ለካ አንደበትም አለው» ብለው እጅ አስወጡ።

ቤት ስንገባ ተቆጣሁ፤ በየበሩ ስትቀሰቅሺ ከርመሻል ማለት ነው አልኳት። የማንንም በር እንዳላንኳኳች ነገረችኝ። ጄሪካን ይዞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ግን በየፎቁ ያርፋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ከጎረቤት ያወራል።

ያወጣሁት ምዕራፍ ተመልሶ ገብቷል። የጻፍኩትም ቅዳሜ ቅዳሜ የውሃ ታንከሩ ሥር ተቀምጬ ፓምፕ ጠጋኙን ስጠብቅ ነው። ውሃው አራተኛ ፎቅ የደረሰ ዕለት ለሌሊሴ አስነበብኳት። ጥሩ ነው፣ ግን አጥሯል አለችኝ።