የተላከ ይጠበቅ ወይስ ይለቀቅ?

ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ዓ.ም። ሙሄዲን ቤንዚን ሊገዛ ወጥቷል።

ቦታ፦ ቡራዩ፣ የሞፈር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮሚቴ የተከራየው የኦቦ ገርባ ሳሎን።

የተገኙ፦ ወ/ሮ እናትነሽ፣ ሰብሳቢ። አቶ መልከጼዴቅ፣ አባል። ኤልቃና፣ ጸሐፊ። ሙሄዲን፣ አባል፤ መብራት ስለጠፋ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን እንዲያመጣ በኮሚቴው የተላከ።

ያልተገኘች፦ ኢየሩስ። የሱሉልታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል።

በታዛቢነት፦ የቤቱ ባለቤት ኦቦ ገርባ። በዚህ ሰሞን ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አራተኛው እሳቸው እንዲሆኑ ውሉ ላይ አስጨምረዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አራት አባላት ያስፈልጋሉ። በክፍሉ ያሉት ሦስት መሆናቸውን ጸሐፊው አመለከተ። ሰብሳቢዋ ኮሚቴው የላከው ሰው እዚሁ እንዳለ ይቆጠራል ብለው ስብሰባውን ከፈቱ።

አጀንዳ አንድ፦ የትሬድ አጠቀላለል።

ሰብሳቢዋ ለታዛቢው ሲያብራሩ፣ ትሬድ አንድ ፕሮግራም የራሱን ሥራ እየሠራ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ እንዲሠራለት የሚልከው መሆኑን፣ ትሬዱን የሚሰጠው የኮምፒዩተሩ ስርዓተ ክወና ቢሆንም ሞፈር ዝግጁ ኮዶችን በያዘው መደበኛ ላይብረሪው ጠቅልሎ እንደሚያቀርበው ገለጹ። ኦቦ ገርባ መልእክተኛ ነዋ ካሉ በኋላ ዋስ እንዳለው ጠየቁ። እንደሌለው ሲነገራቸው ያለ ዋስ ለማንም እንደማያከራዩ አስመዘገቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ እያንዳንዱ ትሬድ ሲነሳ ዋስ እንዲያቀርብ፣ ዋሱም ሌላ ትሬድ እንዲሆን ተወሰነ። ዋሱስ ዋስ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው በይደር ታለፈ።

አጀንዳ ሁለት፦ ላኪው ሥራውን ሲጨርስ የተላከው ካልተመለሰስ?

አቶ መልከጼዴቅ ይለቀቅ፣ በራሱ ይጨርስ አሉ። ላኪው ከጠበቀ ፕሮግራሙ ባለበት ተገትሮ ሊቀር እንደሚችል አስረዱ። ሰብሳቢዋ የላከ ይጠብቅ አሉ። አቶ መልከጼዴቅ ሰብሳቢዋ ሚኒባስ ቢነዱ ኖሮ እስካሁን ከአስኮ እንደማይነሱ ተናገሩ። ሰብሳቢዋም እሳቸው ቢነዱ ረዳታቸውን መንገድ ላይ ጥለው እንደሚሄዱ መለሱ። ሁለቱም ንግግሮች ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዙ ታዘዘ። ጸሐፊው ወረቀት እያለቀበት ስለነበር አጭሩን ሐሳብ ደገፈ። ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ይለቀቅ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ከዋናው መንገድ የጎማ ጭስ ገባ። ኦቦ ገርባ በመስኮት አይተው ተመለሱና የግቢውን በር ሊቆልፉ መሆኑን አሳወቁ። ሙሄዲን ቤንዚን ይዞ እንደሚመጣ ተነገራቸው። በምን ይዞ እንደሆነ ጠየቁ። በጀሪካን መሆኑ ተገለጸላቸው።

"ማል ታኤ? ምን ነካችሁ? ጎማ በሚቃጠልበት መንገድ ልጁን ጀሪካን አስይዛችሁ ሰደዳችሁት?"

አቶ መልከጼዴቅ ለሙሄዲን ደጋግመው ቢደውሉም ስልኩ እንደማይገኝ ገለጹ። ኦቦ ገርባ በተወሰነው መሠረት አይጠበቅማ ብለው ቁልፉን አነሱ።

ሰብሳቢዋ እንዲህ አሉ፦ "ከለቀቅነው እዚህ የለም። እዚህ ከሌለ ሦስት ነን። ሦስት ከሆንን ደግሞ ምንም አልወሰንንም።"

አቶ መልከጼዴቅ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። "ኦቦ፣ ቁልፉን ለኔ ይስጡኝ" አሉ። ኦቦ ገርባ ዋስ ማን እንደሚሆናቸው ጠየቁ። ሰብሳቢዋ እኔ አሉ። ቁልፉ ተሰጠ።

አጀንዳ ሦስት፦ ድንገተኛ።

ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የዋሱን ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ይህንንም ለመወሰን ሦስቱ እንደማይበቁ ጸሐፊው አመለከተ። ጻፍ ተባለ።

ጸሐፊው ማህተሙን ከጓዳ እንዲያመጣ ተላከ። መሳቢያው ሲከፈት ከማህተሙ ጎን የሙሄዲን መታወቂያ ተገኘ። መንገድ ላይ በሚደረግ ፍተሻ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያ ነው።

ይህ የተጻፈው ጓዳ ውስጥ በቁም ነው። የስብሰባው መዝጊያ ሰዓት የተላኩት ሁለቱ ሲመለሱ ይሞላል። ማህተሙ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ጸሐፊው መታወቂያውን ይዞለት በጓሮ በር ወጥቷል።