መብራት ሲሄድ ኤክስፐርትነቴም አብሮ ሄደ

ሰዎች፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ውሸታም ተባልኩ።

የሚያሳፍረው መባሌ አይደለም። እውነት መሆኑ ነው!

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ እዚህ ፔጅ ላይ የሱፐርሂሮ ፊልም እየተነተንኩ የምለፈልፈው ሰውዬ ነኝ። እንጀራዬ ደግሞ ትርጉም ነው። ማይክ ይዤ ስክሪኑ አጠገብ እቆማለሁ፤ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲያወራ እኔ አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቅኩ አወራለሁ። ያደግኩት ከነቀምት ብዙም በማይርቀው አንገር ጉቲን ነው። ቤት ውስጥ ከወሎ የመጡት ወላጆቼ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ።

ሁለት ምላስ ያለው ሰው ምን ይሆናል? ወይ ተርጓሚ ወይ ዋሾ። እኔ ሁለቱንም!

ሰሞኑን ስለ «የጉም ጓድ» ስፖስት እንደነበር አይታችኋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይታተም የነበረ ኮሚክስ ነው። አምስት ልዩ ኃይል ያላቸው ወታደሮች ጉም ለብሰው ከጠላት ጀርባ ይገባሉ። አንዱ ይበራል፤ አንዷ የሩቅ ድምፅ ትሰማለች፤ አንዱ ታንክ በእጁ ይገለብጣል፤ አንዱ ግድግዳ ያልፋል። አለቃቸው ሻምበሉ ነው። ይኸው አሁን ፊልም ሆኖ መጣ፤ እኛም ነቀምት ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት ማስታወቂያ ለጠፍን።

ማስታወቂያው ላይ ከስሜ ሥር ምን ተጽፏል? «ኮሚክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ ኤክስፐርት»።

ማን ጻፈው? እኔ!

አንድ ገጽ አንብቤያለሁ? የለም። ዩቲዩብ ላይ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ማጠቃለያ አይቻለሁ። እሱንም አፍጥኜ።

አዳራሹ ጢም አለ። ተማሪው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ማን ቀረ! ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ሹራብ የደረቡ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል፤ ኮሌጅ የምትማር የልጅ ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። አዴ (ወይዘሮ) ጫልቱ ይባላሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዮ?» (እንዴት ነዎት እናቴ?) ብዬ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

በልቤ ግን «ምስኪን፣ ምኑ ይገባቸዋል» እያልኩ ነበር። አያችሁ ትዕቢት?

ፊልሙ ተጀመረ። እኔም ነድቼዋለሁ! ሲተኩሱ እተኩሳለሁ፣ ሲበሩ እበራለሁ። መጨረሻው አካባቢ ሻምበሉ ቆስሎ ድልድይ ላይ ወደቀ። ድልድዩ መሰንጠቅ ጀመረ። እኔ ድምፄን አወፍሬ «ጓዶቼ ሆይ! ዛሬ እዚህ ድልድይ ላይ...» ስል፣

ድርግም!

መብራት ሄደ።

ጄኔሬተር አለን። ነዳጅ የለውም።

ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ባለ አዳራሹ በጨለማ እየዳበሰ መጣና ጆሮዬ ላይ «አንብበኸው የለ? ጨርስላቸው!» አለኝ።

ምን ልበል? ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ኮሚክሱ ላይ...» አልኩ፣ እንደ አዋቂ። «ኮሚክሱ ላይ ሻምበሉ እዚያው ድልድዩ ላይ ይሞታል። ከዚያ ጓዶቹ በቁጣ...»

«ሶባ!»

ተርጓሚ ነኝና ልተርጉምላችሁ፦ ውሸት!

አዴ ጫልቱ ናቸው። ቆመዋል።

«ሻምበሉ አይሞትም። ተሸካሚው አንስቶታል።»

«የቱ ተሸካሚ?»

«ስድስተኛው ጓድ ነዋ! አንብቤዋለሁ አላልክም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ማይኩን ስጣቸው!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ደንግጬ እየሮጥኩ ሄጄ ሰጠኋቸው። መብራት በሌለበት ማይክ ምን ሊሠራ! እሳቸው ማይኩን አገላብጠው ዳሰሱትና ለልጅ ልጃቸው አስያዟት።

ከዚያ መተረክ ጀመሩ።

«ተሸካሚው አይበርም፤ አይተኩስም፤ ማንንም አይመታም። ቃሬዛ ተሸካሚ የሆነ የገበሬ ልጅ ነው። ኃይሉ አንድ ብቻ ነው፦ የተሸከመው ሰው፣ መሬት እስካላወረደው ድረስ አይሞትም።»

ፀጉሬ ቆመ!

እንዲህ ያለ ጀግና እንዴት ከፊልም ይቆረጣል? ማንንም ስለማይመታ ይሆን?

ሰዉ አንድ በአንድ የስልኩን መብራት ወደ እሳቸው አዞረ። በአማርኛ ይጀምሩና ሳናውቀው ኦሮምኛ ውስጥ እንገባለን፤ ደግሞ እንመለሳለን። ማንም «ተርጉምልን» አላለኝም። ሥራ ፈትቼ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

ተሸካሚው ሻምበሉን ተሸክሞ ሄደ፤ ካወረደው ይሞታላ! ቀን ሄደ፣ ሌሊት ሄደ። ትከሻው ደማ። ታንክ ገልባጩ ከኋላ ደገፈው። የሚበረውም ከሰማይ ወርዶ «እሱ በእግሩ እየሄደ እኔ ልበር?» ብሎ አብሮት ተራመደ። የሩቅ ድምፅ የምትሰማዋ ደግሞ ጆሮዋን ወደ ሻምበሉ እናት ድምፅ ጣለች፤ በዚያ መንገድ መራቻቸው።

አዴ ጫልቱ ትንፋሽ ሊስቡ ቆም ሲሉ አዳራሹ ሙሉ «ኢቲ ፉፋ! ይቀጥሉ!» ይላል።

«የት አወረደው ታዲያ?» አለ አንድ ባለ ባጃጅ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አላወረደውም። የሻምበሉ እናት ደጅ ወጥታ እጇን ዘረጋች። መሬት ሳይነካ ከትከሻው ወደ እቅፏ ገባ።»

ባለ ባጃጁ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ።

መብራት ሲመለስ ማንም አልተደሰተም። ፊልሙ ቀጠለ፤ ሻምበሉ በዝናብና በሙዚቃ ታጅቦ ድልድዩ ላይ ሞተ። አዳራሹ በአንድ አፍ ስክሪኑ ላይ ጮኸ፦ «ሶባ!»

ደጅ ላይ ጠበቅኳቸው። «አዮ፣ ይህን የት አነበቡት?»

ድሮ በወጣትነታቸው፣ እዚሁ አገራችን በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። አንዲት የውጭ አገር ነርስ አገሯ ስትመለስ አንድ ካርቶን ኮሚክስ ትታላቸው ሄደች። እሳቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ እንግሊዝኛ ያነባሉ። ዋርዱ ውስጥ ከግንባር የመጡ ልጆች ተኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። አንሶላ አስጥተው ሲጨርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና ጽሑፉን ይተረጉማሉ። ሥዕሉን ደግሞ ለማያዩት ይነግራሉ።

እኔ ራሴን ተርጓሚ እላለሁ እኮ!

«የመጨረሻውን ቅጽ ግን ባየው...» አልኳቸው።

«እሱ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረኝ ተሸካሚው ሻምበሉን እስኪያነሳው ድረስ ነው» አሉኝ።

«እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ?»

«ልጆቹ ‹ከዚያስ?› ይሉኛል። ለነገ የማይደርስ አለ። ምን ልበላቸው? ለአርጆው ልጅ ተሸካሚው የደረሰው አርጆ ነው፤ ለወሎው ልጅ ወሎ። ሁሉንም እናቱ ደጅ አድርሼዋለሁ።»

ዓይኔ ሞላ፤ አልደብቃችሁም። እዚያው ተናዘዝኩ። «አዮ፣ እኔ አንድም ገጽ አላነበብኩም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ይሁን ኢልማ ኮ፣ ይሁን ልጄ። መጨረሻውን እኔም አላነበብኩትም፤ አንተም አላነበብከውም። ግን አንተ ምን አስቸኮለህና ገደልከው?»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው፦ የማያውቁትን ታሪክ መጨረስ ግድ ሲሆን፣ ለምንድነው የኛ ዓይነቱ አዋቂ መጀመሪያ ሰው የሚገድለው?

ደግሞ ከመካከላችሁ የመጨረሻውን ቅጽ በእውነት ያነበበ ካለ፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ኮመንት ላይ እንዳትጽፉት።

እኔ ተነግሮኛል!