የጋሽ ሰይድ ያልፈረሰ ውዱእ

በሀገራችን ሽንት የሚሸኑት ሕፃናት ብቻ ናቸው። አዋቂ አይሸናም። አዋቂ «ውጭ ደርሶ ይመጣል»፣ «ወደ ጓሮ ብቅ ይላል»፣ ወይም «መጣሁ» ብሎ ይጠፋል። አላመናችሁኝም? እስቲ ቃሉን አማታችሁ ፊት ሞክሩት...

የእኔ እንጀራ ግን ይኸው ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለነርስ ተማሪዎች የሽንትና የሰገራን የሙያ ቃላት አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ የሽንቱን በሰማያዊ፣ የሰገራውን በአረንጓዴ እጽፋለሁ። ቶሎ ቶሎ ሲመጣ፣ ሲያመልጥ፣ ሲደርቅ፣ አልወጣ ሲል... ለሁሉም ስም አለኝ።

አከራዬ ጋሽ ሰይድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሽንኩርት ገበሬ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው ሽርጣቸውን ይዘዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። የሮቢት ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ምራታቸው ግቢውን ትጠርጋለች።

«መምህር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ከትናንት ዙሁር ጀምሮ ውዱእ አልፈረሰብኝም።»

ውዱእ ከሶላት በፊት የሚደረገው ትጥበት፣ ዙሁርም የቀትሩ ሶላት መሆኑን እዚህ ኖሬ ማወቅ አያቅተኝም።

«ማሻ አላህ፣ ጋሼ! ጎበዝ ነዎት።»

«ጎበዝ?» ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «እንቅልፍም በዓይኔ አልዞረም።»

«ሌሊቱን ሙሉ በሶላት? ይበርቱ እንጂ።»

ምራታቸውን በጎን ገልመጥ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ አንተ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

ይህን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ደስ ብሎኝ ከኩላሊት ጀመርኩ። ደም እንዴት እንደሚጣራ፣ ፊኛ እንዴት እንደሚሞላ፣ ሽንት ጨርሶ ባለመመረቱና ተመርቶ አልወጣ በማለቱ መካከል ያለው ልዩነት... «ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ስሕተት ነው፣ ጋሼ። አልወጣ ሲል ከእምብርት በታች ይወጠራል፤ ሰውየውን ያልበዋል፤ መቀመጥ ያቅተውና ግድግዳ...»

ግድግዳው ላይ ያለውን እጅ አየሁት።

«ቀጥል» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፤ «ልትደርስ ነው።»

ውዱእ በሽንት እንደሚፈርስ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሮጬ ባጃጅ አመጣሁ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጋሽ ሰይድ የሹፌሩን ትከሻ ጨምድደው «ቀስ በል ልጄ፣ የሞላ ዕቃ ጭነሃል» ይላሉ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለን ነርስ አምና ያስተማርኩት ልጅ ነው። የሕመሙን የሙያ ስም ልጠይቀው ስል እሱ ጓንቱን አጥልቆ መጋረጃውን ስቦ ነበር። ቱቦው እንደገባ ከረጢቱ ይሞላ ጀመር። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ደግመው ይላሉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

እኔም አጋጣሚው እንዳያመልጠኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አሁን የሆነውን ላስረዳዎት፣ ጋሼ። ከፊኛ ሥር ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ አለ...»

«ተወኝ መምህር» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እኔስ ወጣልኝ። ያንተን ግን ይቺ ቱቦ አትችለውም፤ ሂድና ለተማሪዎችህ ልቀቀው።»