ታናሽ ወንድሜና የሴል ሽፋን

ማስተማርና ማወቅ አንድ የሚመስላችሁ ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ። ቦሌ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ ሴል ሽፋን ለመናገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገኝም፤ «የሚጠቅመውን ያስገባል፣ የማይጠቅመውን ያስወጣል፣ ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም» ብዬ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። አፌ ያውቀዋል። እኔ ግን አላውቀውም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ጎማ እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ። የምንኖረው አብረን ነው። ባለፈው ክረምት ውሃ ውሃ ማለት አበዛ። የቀረበለትን ጠርጎ ይበላል፣ ይጨመርልኝ ይላል፣ ሱሪው ግን ከወገቡ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ብሎን ማጥበቅ እንኳ አቃተኝ እኮ» አለኝ አንድ ቀን።

«ሥራ በዝቶብህ ነው» አልኩት።

እዚህ ላይ ብተወው ደግ ነበር። አልተውኩም። ይበርታልኝ ብዬ በየቀኑ የማንጎ ጭማቂ እየገዛሁ አጠጣው ጀመር። ያውም ስኳር አስጨምሬ!

ሲያስመልሰውና እንደ ሯጭ ማለክለክ ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም ረጋ ብላ ልታስረዳኝ ሞከረች።

«ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቷል፤ ሰውነቱ ግን ተርቧል። ሰውነቱ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፤ ያለ ኢንሱሊን ደግሞ የሴሉ ሽፋን ስኳሩን አያስገባም። ገባዎት? ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የባዮሎጂ መምህር ነኝ።»

እሷ ካርዱን ማገላበጥ ጀመረች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ኢንሱሊን ሰጡት፤ ግን ዘግይቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ለቀስተኛው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» እያለ አጽናናኝ። ቀኑን ማን እየጎተተ እንዳመጣው የማውቀው እኔ ነኝ።

ከሐዘን ስመለስ ያው የሴል ሽፋን ትምህርት ጠበቀኝ። ዘንድሮ ግን ለተማሪዎቼ ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው፤ ጭማቂውን ሳይቀር። የውሃ ጥም፣ የሽንት መብዛት፣ እየበሉ መክሳት ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። እቤቷ እንዲህ የሆነባት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?»

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ከሥሩ አሰመርኩበት።

«ይወጣል» አልኳት።

አርባ እስክሪብቶ ባንድ ጊዜ ተነሳ።