ቀለም ያልነካው ኮምፓይለር

ድሬዳዋ ውስጥ አስተርጓሚ አጥቶ የተቸገረ ሰው አይቼ አላውቅም። መጋላ ገበያ ገብታችሁ ከዋሂል ገጠር ቲማቲም ይዛ ከመጣች ሴት ጋር ትከራከራላችሁ እንበል። እናንተ በአማርኛ፣ እሷ በኦሮምኛ። ወዲያው አንድ አላፊ አግዳሚ ቆም ብሎ ያስተረጉማል። ክፍያ የለ፣ ማኅተም የለ። እንዲያውም «አቦ ተወው፣ ትናንት በግማሹ ነው የሸጠችው» ብሎ ከራሱ ይጨምራል። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ግን ሌላ ነው። ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ከረባት ያሰረ፣ አንድ ቃል የማይስት። ችግሩ፣ እሱ የታመመ ቀን ችሎቱም ይዘጋል።

ኮምፓይለርም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። ምንድነው እሱ ደግሞ? ቆይ፣ ላስረዳችሁ። ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ጥፍር የምታክል ኮምፒውተር አለች። ማሽን ሆድ ውስጥ ተቀምጣ «አብራ፣ አጥፋ» እያለች ታዛለች። የሷ ቋንቋ ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሲ በሚባል ቋንቋ እንጽፍላታለን። መሃል ሆኖ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ነው ኮምፓይለር።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። እኔ ከዚራ ሰፈር ባለው በረዶ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ ማሽን መጣልን። የሠሩት ሰዎች ብርዳም አገር ነው የሚኖሩት መሰለኝ፣ የአካባቢው ሙቀት ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ካለፈ «ብልሽት ነው» ብሎ ራሱን እንዲያጠፋ አድርገውታል። በድሬ ግንቦት! ረፋድ ላይ ማሽኑ ጸጥ፣ በረዶው ውኃ፣ ደንበኛው እሳት።

ታዲያ እኔ ምን ነካኝ? ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና «የማሽኑ ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር ነው፣ እስከ ዓርብ አስተካክላለሁ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁም ፈገግ ብለው ካልሆነስ አሉኝ። ካልሆነ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈለጋልና ዝውውሬን እንደሚፈርሙ ነገሩኝ። ደብረ ብርሃን! ካገባሁ ገና አራት ወሬ ነው። ባለቤቴ የመጋላ ልጅ ናት፣ ከሐረር ወዲያ አልፋ አታውቅም። ስነግራት «አንተ ቅደም፣ እኔ ሲሞቅ እመጣለሁ» አለችኝ። ደብረ ብርሃን መቼ ነው የሚሞቀው? ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ደግነቱ ከማሽኑ ጋር የተገዛ ኮምፓይለር ነበረን። ወፍራም ካርቶን ውስጥ፣ መጽሐፍ የመሰለ መመሪያ ያለው፣ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ። አይገለበጥም፣ ኦሪጅናሉ ካልገባ አልሠራም ይላል። ይህን ስኩራራበት መጋላ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓደኛዬ አብዱልአዚዝ ሰማና ሌላ ዲስክ ሰጠኝ። ወንድሙ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከአንድ የመርከብ ቴክኒሻን አግኝቶት በባቡር የላከለት ነው። ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «አቦ፣ ሰውየው ቀድተህ ለሌላ ስጥ ነው ያለው። በነፃ የመጣ ኮምፓይለር ልሽጥልህ?» ለይሉኝታ ተቀበልኩት።

ፋብሪካችን ውስጥ ግን ሳይመዘገብ የሚገባ ነገር የለም። ሁለቱንም ይዤ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ወደ ጋሽ ተሰማ ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ ወንበር፣ ባልዲ፣ መጥረጊያ ሳይቀር በቀይ ዘይት ቀለም ቁጥር የሚጽፉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የተገዛውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተረከቡኝ። የነፃውን ግን ዋጋ ጠየቁኝ።

«ዋጋ የለውም ጋሽ ተሰማ፣ ነፃ ነው።»

«እንግዲያው ንብረት አይደለም» ብለው በጣታቸው ጫፍ መለሱልኝ።

በማግስቱ የተገዛውን በፊርማ ለማውጣት ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ እንዳይጠፋ ብለው ቁጥሩን ከፊትም ከኋላም ጽፈውበታል። ቦታ ሲጠባቸው ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያነብባት ክፍት ቦታ ላይ ቀጥለዋል። ዲስኩ በጣም ቆንጆ ሆኗል፣ ግን ሞቷል። ጮኬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ደግሞ «ቀለሙ እስኪደርቅ ታገሥ» ይሉኛል።

ምን አማራጭ አለኝ? የአብዱልአዚዝን ዲስክ አስገባሁ። ሠራ! ግን እንደ መጋላው አስተርጓሚ ነው፣ ሁሉን አያውቅም። በተለይ ነጥብ ያለው ቁጥር አይገባውም። ስምንት ነጥብ አምስት ስለው ይኮሳተራል። እኔም የማሽኑን ሙቀት ሁሉ በአሥር እያባዛሁ፣ ስምንት ነጥብ አምስቱን ሰማንያ አምስት እያልኩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለሱ በሚገባው አነጋገር ጻፍኩለት። ሠላሳ አምስቱንም አርባ አምስት አደረግሁትና ማሽኑ ላይ ጫንኩት።

ዓርብ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፣ ባለ ቀይ ቁጥሩን። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አምስትን አለፈ። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት። እኔ በየደቂቃው ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ ማሽኑ ግን ደንታም አልሰጠው። ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠርገው ተነሡና አንድ ብሎክ በረዶ ለቤቴ እንዲሰጠኝ አዘዙ። በጆንያ ጠቅልዬ እየተንጠባጠበብኝ መጋላ ቤቴ ደረስኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ጋሽ ተሰማ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ። «ለካ ንብረት ኖሯል፣ አምጣው» አሉኝ። ባዶ ዲስክ ሰጠኋቸው። አሳምረው ጻፉበት፣ በሁለቱም በኩል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ ሁለቱ ዲስኮች «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ተብለው ይፈረምባቸው ነበር።

ዋናው፣ የአብዱልአዚዝ ዲስክ፣ እቤት ነው። አቧራ እንዳይነካው መጠቅለያ ስፈልግ ከባለቤቴ ሳጥን ሥር አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ አገኘሁ፣ ከነሱቅ ማሰሪያው፣ ያልተለበሰ። መቼ ገዛሽው ብላት አንገቷን ደፍታ «ዝውውሩን በነገርከኝ ማግስት» አለችኝ ብል ታምናላችሁ? «እስኪሞቅ ልጠብቅ ነበር እንዴ!» አለች።

ዲስኩን በሱ ጠቀለልኩት። ድሬ ላይ ሹራብ ሌላ ምን ሥራ አለው?